ከቀፊራ ጀርባ ያለችው የበያይነቱ ቤት፦ ስለ ሳህኗና ስለ ግድግዳዋ

በድሬዳዋ መጋላ፣ ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ምሳ ቤት ታፔላዋ ላይ «የጾም ምግብና ጁስ» ከሚል ጽሑፍ በቀር መጠሪያ የላትም፤ ሆኖም «የቅጠሏ ቤት» ያላቸውን ሰው የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች ያለ ተጨማሪ ጥያቄ በሯ ላይ ያወርዱታል። ይህን ስም ያገኘችው አንዱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሞላው ፖስተር ምክንያት ነው። ፖስተሩ ላይ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ከርከዴና ሽፈራው እያንዳንዳቸው ይፈውሱታል ከተባለው የበሽታ ዝርዝር ጋር የተሳሉ ሲሆን፣ ላነበበው ሰው ካንሰርም፣ ስኳርም፣ ደም ግፊትም በአንድ ምሳ የሚወገዱ ይመስለዋል። በእኔ ግምት የቤቲቱ ወጥ ቤት ከፖስተሩ እጅግ አብልጦ ያውቃል። ምግቡን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ግድግዳውንና ገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን ብልቃጦች ግን አልመክርም።

ዕፅዋት ከሚበላቸው ተባይ፣ ከሚያቃጥላቸው ፀሐይና ከሚያበሰብሳቸው ሻጋታ ሸሽተው ማምለጥ ስለማይችሉ በሥራቸው፣ በቅጠላቸውና በፍሬያቸው ልጣጭ ውስጥ የሚመር፣ የሚያቃጥል፣ የሚሸት ወይም ቀለም ያለው ነገር ያመርታሉ። የሚጥሚጣው ማቃጠል፣ የጎመኑ ምሬት፣ የሮማኑ ቅላትና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ የሚመጡት ከእነዚህ ውህዶች ነው። እንደ ቫይታሚን ሲ ወይም እንደ አዮዲን ሲጎድሉ ስሙ የታወቀ በሽታ አያስከትሉም፤ ነገር ግን አትክልት፣ ጥራጥሬና ፍራፍሬ አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የመጠቃት ዕድላቸው ዝቅ ብሎ መገኘቱ ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን ወደ እነርሱ እንዲያዞሩ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ድንች በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። የዚህች ቤት አንድ በያይነቱ ከነሰላጣው፣ በዓይን ግምት፣ የዚህን ግማሽ ያህል ሳይሸፍን አይቀርም።

ከሁሉ በፊት ሊነገርለት የሚገባው ጎመኑ ነው። ከሐረማያና ከምሥራቅ ሐረርጌው ኮምቦልቻ የሚጫነው አትክልት ቀፊራ የሚደርሰው በማለዳ ስለሆነ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ቅጠል ገና አልጠወለገም። ወጥ ቤቱ ከመመገቢያው በግማሽ ግድግዳ ብቻ የተለየ በመሆኑ አሠራሩን ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ሠራተኛዋ ጎመኑን በቅጠልነቱ አጥባ፣ አድቅቃ ከትፋ፣ ሰፊ ትሪ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ሽንኩርቱ በዘይት እስኪበስል ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ እፍኝ በማትሞላ ውኃ ብቻ ተከድኖ ለአጭር ጊዜ ይበስላል። ብዙ ምሳ ቤቶች ግን ጎመኑን በድስት ሙሉ ውኃ ቀቅለው፣ ጨምቀው፣ አረንጓዴውን ውኃ ወደ ፍሳሽ ይደፉታል፤ ከቫይታሚን ሲውና ጠቃሚ ከሚባሉት ውህዶች ብዙው አብሮ የሚሄደው በዚያ ውኃ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሐበሻ ጎመን ሲኒግሪን የሚባል፣ ግሉኮሲኖሌት ከተሰኘው ቤተሰብ የሆነ ውህድ በብዛት ይዟል። ይህ ውህድ በራሱ ብዙም አይሠራም፤ ሥራ የሚጀምረው ማይሮሲኔዝ ከሚባለው ኢንዛይም፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን ከሚያፋጥን ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ተለያይተው የሚኖሩ በመሆናቸው የሚገናኙት ቅጠሉ ሲታኘክ ወይም ሲከተፍ ብቻ ነው። ከመገናኘታቸው የሚወጣው አይሶታዮሳያኔት የተሰኘው የሚሰነፍጥ ውህድ በቤተ ሙከራ ጥናቶች ሴሎች ራሳቸውን ከጉዳት የሚከላከሉበትን ሥርዓት ሲያነቃቃ ታይቷል። ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚገድለው፣ ሳይከተፍ በፈላ ውኃ ውስጥ የገባ ጎመን ይህን ሥራ ሳይጀምር ያበቃል። ትሪው ላይ የሚያልፈው ጊዜ እንግዲህ ባክኖ የቀረ አይደለም፤ ምንም እንኳ ሠራተኛዋ ይህን የምታደርገው ምድጃው አንድ ብቻ ስለሆነ ቢሆንም።

የበለጠ የሚያስደስተው በሳህኑ ጠርዝ በሻይ ማንኪያ ልክ የምትቀመጠው ሰናፍጭ ናት። እዚህ ቤት ሰናፍጭ በየዕለቱ ተፈጭታ በቀዝቃዛ ውኃ ትበጠበጣለች፤ እሳት ስላልነካት ኢንዛይሟ ሕያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የጎመን ዘመድ የሆነው ብሮኮሊ ከተቀቀለ በኋላ ከ1 ግራም የሰናፍጭ ዱቄት ጋር ሲበላ፣ ከአይሶታዮሳያኔቶች አንዱ ከሆነው ሰልፎራፌን ሰውነት የሚያገኘው ከአራት እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጎመንን በሰናፍጭ እየነኩ መብላት በአገራችን በጾም ገበታ ላይ የኖረ ልማድ ነው። እንጀራው ሰናፍጯን ነክቶ ወደ አፍ ሲቀርብ አፍንጫን ዘልቆ ዓይን የሚያስነባው ነገር ያው አይሶታዮሳያኔቱ ነው፤ ሰናፍጯ ሳትሰነፍጥ የቀረች ዕለት አርጅታለች ማለት ስለሆነ እንድትቀየር መጠየቅ ተገቢ ነው። የእንቅርት ችግር ያለበት ሰው ግን ጎመንንና ዘመዶቹን በገፍ ከመብላቱ በፊት የሚጠቀመው ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ያረጋግጥ።

ስልሱም ጥሩ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ጠዋት በሙቀጫ ተወቅጦ በጎድጓዳ ሳህን ይቆያል፤ አሊሲን የሚባለው ውህድ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲጨፈለቅ በመሆኑና የሚፈጥረውም ኢንዛይም እሳት ስለማይችል፣ ተወቅጦ 10 ደቂቃ ያህል ያልቆየ ነጭ ሽንኩርት ቀጥታ ወደ ጋለ ዘይት ቢገባ ትርፉ መዓዛ ብቻ ነው። ቲማቲሙ ደግሞ ዘይቱ ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ ይቁላላል። ላይኮፒን የተባለው የቲማቲም ቀይ ቀለም በጥሬው ፍሬ ውስጥ ታስሮ የሚቆይ ሲሆን፣ ሙቀት ሲፈታውና ዘይት ሲያገኝ ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይወስደዋል። በስልሱ ዳር ዳር ቀልቶ የሚንሳፈፈው ዘይት ከበርበሬው በተጨማሪ ይህንኑ ቀለም የያዘ ነውና ዘይቱን ወደ ጎን ገፍቶ የሚበላ ሰው ዋናውን ትቶ ይነሣል። እዚያው ሳህን ላይ ያለው ጥሬ የቲማቲም ሰላጣ ቃሪያና ሎሚ ያልተለየው ነው፤ የእርሱ ድርሻ ቫይታሚን ሲ ሲሆን፣ ከምስር ወጡ ጋር አንድ ላይ ሲጎረስ የምስሩን አይረን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። የምስር ወጡ ራሱ ደህና ነው፤ ሽሮው ግን ቀጥኖ ይቀርባል።

አልጫውን በተመለከተ ፖስተሩና ድስቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ግድግዳው ላይ «እርድ ካንሰርን ከሥሩ ይነቅላል» የሚል ዓረፍተ ነገር በትልቁ ተጽፏል። ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ውህድ ከዱቄቱ ክብደት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ወደ 3 ግራም ቢመዝን ኩርኩሚኑ 100 ሚሊግራም አይሞላም፤ ያችም የሻይ ማንኪያ ለብዙ ሰው በሚበቃ ድስት ውስጥ የገባች ናት። በዚያ ላይ ሰውነት ኩርኩሚንን በቀላሉ አይወስድም። እ.ኤ.አ. በ1998 በሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን፣ ማለትም ከቁንዶ በርበሬ ከሚወጣው ውህድ ጋር ሲሰጥ ወደ ደም የገባው መጠን በ20 እጥፍ መጨመሩ ተመዝግቧል፤ ይሁን እንጂ 2 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን በአልጫ መልክ ለማግኘት የሚፈለገውን እርድ የሚችል አፍ የለም። አልጫው ላይ ቁንዶ በርበሬ ጣል መደረጉ መልካም ነው፣ ጣዕሙንም ያሻሽላል፤ ከመድኃኒት ጋር ግን አይገናኝም።

በዚሁ በእርድ ጉዳይ ቤቲቱን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለ። እርዱን በዱቄት አትገዛም፤ ደረቁን ሥር ከቀፊራ ሸምታ ታስፈጫለች። በባንግላዴሽ የእርድ ነጋዴዎች ቢጫነቱን ለማድመቅ ሊድ ክሮሜት የተባለ መርዛማ ቀለም ሲቀላቅሉ እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተሙ ጥናቶች ተጋልጧል። ማንኛውም ተፈጭቶ የሚሸጥ ቅመም ውስጡ ምን እንደገባ በዓይን ስለማይታወቅ፣ ሥሩን ወይም ፍሬውን ገዝቶ ማስፈጨት ለቤትም ለምሳ ቤትም የሚበጅ ጥንቃቄ ነው።

እንጀራው በሁለት ዓይነት ይቀርባል፤ የጤፍና የማሽላ። ሐረርጌ የማሽላ አገር ነውና ሁለተኛውን ሳይቀምሱ መውጣት ይቆጫል። ቀላ ያለው ማሽላ ታኒን የሚባሉ ውህዶች ስላሉት ምላስን በመጠኑ ያኮማትራል፤ እነዚህ ውህዶች ከስታርችና ከፕሮቲን ጋር እየተያያዙ የምግብን መፈጨት ያዘገያሉ፤ ቶሎ ለማይርበው ሰው ጥቅም፣ አይረን ለሚያንሰው ሰው ደግሞ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በእርሾ ጊዜ አግኝቶ የኮመጠጠ ሊጥ ይህን ጉዳት በከፊል ያቃልላል፤ አይረንንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት በመቡካት ሂደት ይሰባበራልና። የዚህች ቤት እንጀራ ኮምጠጥ ያለና ዓይኑ ያማረ በመሆኑ በቂ ጊዜ ማግኘቱን ይናገራል።

ቅሬታዬ ቡናው ላይ ነው። ቡናው ራሱ የሐረር ቡና ሆኖ በመካከለኛ አቆላል የተዘጋጀ ነው፤ አቆላሉ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ክሎሮጀኒክ አሲድ የተባለው ፖሊፌኖሉ (ታኒንም የሚመደብበት የዕፅዋት ውህዶች ቤተሰብ) እየቀነሰ ስለሚሄድ እስከዚህ ድረስ እንከን አይወጣለትም። እንከኑ የሚቀርብበት ጊዜ ነው፤ እጅ ሳይታጠብ፣ አንዳንዴም የመጨረሻው ጉርሻ ሳይነሣ ሲኒው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። የቡናና የሻይ ፖሊፌኖሎች ከዕፅዋት የሚገኘውን አይረን አንጀት ውስጥ ያስሩታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የአይረኑን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል፤ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም ያንኑ ያህል ሲቀንስ፣ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ በምስር፣ በጎመንና በጤፍ አይረኗን የምታሟላ ነፍሰ ጡር፣ ወይም በጾም ወራት ሥጋ የማይቀምስ ሰው ቡናውን ከምሳ በፊት ቢጠጣው፣ አለዚያም ወደ አመሻሹ ቢያቆየው ይሻለዋል። ቡናው እንዲቆይ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ቡና ሳይጠጣ ምሳ ተበላ ይባላል እንዴ አቦ! ይበርድብሃል» የሚል ነበር። (ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይጠበቅ ለእንግዳ ሰው ማሳሰብ ይገባል፤ ሽበትም ቢኖር «አንተ» መባል አይቀርም፣ ንቀትም የለበትም።)

መጠጦቹ ከቡናው ውጪ የተለያየ ደረጃ አላቸው። ከርከዴው በጠዋት ተዘፍዝፎ ቀዝቅዞ የሚቀርብ ሲሆን ለድሬዳዋ ሙቀት የተፈጠረ ይመስላል። የቅላቱ ምንጭ አንቶሳያኒን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካው ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ደም ግፊታቸው በመጠኑ ከፍ ካለ 65 ሰዎች መካከል ለ6 ሳምንታት በቀን ሦስት ኩባያ ከርከዴ የጠጡት የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ7.2 ሲቀንስ፣ ሌላ መጠጥ የተሰጣቸው ግን በ1.3 ብቻ ነው የቀነሰው። ይህ ለቀላል መጠጥ ትልቅ ውጤት ነው፤ ሆኖም ፖስተሩ እንደሚለው የግፊት ኪኒን አያስጥልም። ቤቲቱ በማሰሮው ውስጥ አስቀድማ የምትጨምረው ስኳርም ብዙ ነው፤ ጥማት ከማርካት ይልቅ ሌላ ጥማት ይጠራል። ስኳሩ ለብቻ ቢቀርብ ምን ነበረበት?

ተልባው በአንጻሩ የሚመሰገን ነው። ተልባ ሊግናን የተባሉ ውህዶችን በመያዝ ከታወቁት ምግቦች ሁሉ ቀዳሚ ሲሆን፣ ሳይፈጭ የተዋጠ ፍሬ ግን እንደገባ የሚወጣ በመሆኑና ዱቄቱም ቆይቶ ዘይቱ ስለሚበላሽ፣ ዋናው ነገር ትኩስነቱ ነው። እዚህ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ለብ ተደርጎ ተቆልቶ ይወቀጣል፤ የተበላሸ ተልባ የሚሰጠው የቀለም ዓይነት ሽታ በአንድም ብርጭቆ አልገጠመኝም። ስፕሪሱም፣ ስኳር እንዳይገባበት ቀድሞ ከተነገረ፣ ብልህ መጠጥ ነው፤ የፓፓያውና የማንጎው ካሮቲን ያለ ስብ በደንብ ስለማይወሰድ፣ ከሥር የሚተኛው አቮካዶ ስቡን አብሮ ያቀርብለታል።

የሐረርጌን ልማድ ለሚያከብር ሰው ደግሞ ቁጢ አለ፤ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ በወተትና በጥቂት ጨው የሚጠጣው። የቡና ቅጠል ካፌይኑ ከፍሬው ያነሰ ሲሆን፣ ከክሎሮጀኒክ አሲድ በተጨማሪ በማንጎ ቅጠል የታወቀውን ማንጂፈሪን ይዟል። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል ፈሳሽ በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ የሐረርና የአካባቢው እናቶች ፈቃዱን ሳይጠብቁ ሲያፈሉት ኖረዋል። ቁጢው የሚቀርበው ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ወደ ሌላ ቅጠል ስለምትዞር ፈላጊ አያገኝም መሰል።

አሁን ወደ ገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ። «300 በሽታ ይፈውሳል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የሽፈራው ዱቄት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና አምራቹ ያልተጻፈባቸው «የካሮት ንጥር» እንክብሎች በብልቃጥ ተደርድረዋል። ሽፈራው በምግብነቱ የሚናቅ ቅጠል አይደለም፤ በደቡብ አገራችን እንደ ጎመን የሚበላ፣ በካልሲየምና በካሮቲን የታደለ ነው። ዱቄቱ ግን መቼ እንደደረቀና በምን እንደተፈጨ የሚነግር ምልክት የለበትም፤ ሦስት መቶ በሽታ የሚፈውስ ነገር ደግሞ ቢኖር ኖሮ ከምሳ ሒሳብ ጋር አይሸጥም ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበኝ እንክብሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመው የፊንላንድ ጥናት 29,133 አጫሽ ወንዶችን ከ5 እስከ 8 ዓመት ተከታትሎ፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዛቸው መጠን በ18 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ የተጠበቀው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ካሮትን የሚበላ ሰው ይህ ጉዳት አልተገኘበትም። በሳህን ላይ ከፋይበር፣ ከዘይትና ከሌሎች ውህዶች ጋር ተሰባጥሮ በልክ የሚገባን ነገር ነጥሎ አብዝቶ መዋጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሲጋራ የሚያጨስ ደንበኛ ብልቃጡን በነበረበት ይተወው።

መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የተለየ የጤና ሁኔታ ያለባቸው ሰዎችም ሁለት ነገር ይወቁ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ አንድ ሳምንት ትቶት በሚቀጥለው ሳምንት በየቀኑ ከሚበላው፣ መጠኑን ሳያዛንፍ ቢበላውና ለሐኪሙ ቢነግር ይሻላል። ጠዋት ጠዋት የሚቀርበው ፉልም የተወደደ ቢሆንም፣ ጂ6ፒዲ የተሰኘው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ውስጥ ባለው ቪሲን ምክንያት ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ስለሚችሉ ፈጽሞ ሊርቁት ይገባል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ፖስተሩ ላይ አንድም የለም፤ ቦታ ግን ሞልቶት ነበር።

መስተንግዶው ፈጣን፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ፈጣን ነው። የእጅ መታጠቢያው ንጹሕ ሲሆን ሳሙና አይጠፋበትም፤ ማራገቢያው ግን ከበሩ አጠገብ ያሉትን ጠረጴዛዎች ብቻ ስለሚደርስ ወደ ውስጥ የገባ ሰው በላብ ይበላል። ዋጋው በከዚራ በኩል ካሉት ካፌዎች በግልጽ ያነሰ ነው፤ በቴሌብር መክፈል ይቻላል፤ በያይነቱው ለሁለት ሰው ቢታዘዝም ጎመኑ ሲያልቅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይደገማል። ረቡዕና ዓርብ ከሌላው ቀን ይልቅ ይጨናነቃል፤ ጎመኑ በእነዚህ ቀናት ቀድሞ የሚያልቅ ስለሆነ ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ይመረጣል፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ አብዛኛው የመጋላ ሱቅ በሩ ይዘጋል። ከርከዴ ሲያዙ ስኳር ያልገባበት ካለ ይጠይቁ፤ ሰናፍጯ ሳህኑ ላይ ከሌለችም ሳያፍሩ ያስመጧት፣ ለብቻዋ አትከፈልባትም።